የጎማ ዕድሜ በጥርሱ አይታወቅም

በቀድሞ ዘመን በቅሎ ወይም ፈረስ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣ ሰው የሻጩን ቃል ከመስማቱ አስቀድሞ የእንስሳውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ይመለከት ነበር። የኮርቻው ማማር፥ የጠጕሩ መወልወል፥ የአካሄዱ ማማር ዐይንን ሊያታልል ይችላል፤ ጥርስ ግን አይዋሽም። ስለዚህ ዐዋቂ ገዢ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይገምት፥ ዕድሜውንም ገምቶ ዋጋውን ይናገር ነበር። ይህም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ፥ ብዙ መንገደኛ ከገደል ያዳነ ጥበብ ነው።

ዛሬ የበቅሎውን ስፍራ መኪና፥ የሰኰናውንም ስፍራ ጎማ ይዞታል። ጎማም ነጂዎች «ጥርስ» ብለው የሚጠሩት፥ መሬትን ነክሶ የሚይዝበት ሸንተረር አለው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ጎማ ሲገዛ ያንኑ የበቅሎ ገበያ ጥበብ ይዞ ይሄዳል፤ ጥርሱ ረጅም ከሆነ «አዲስ ነው» ይላል፤ ጥርሱ ካጠረ «አርጅቷል» ይላል። የኋለኛው ፍርድ አገልግሎቱ ማለቁን ስለሚያስረዳ ጕዳት የለውም፤ የፊተኛው ግን ብዙ ጊዜ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። የጎማ ጥርስ ምን ያህል መንገድ እንደ ሄደ ይናገራል እንጂ ስንት ዓመት እንደ ኖረ አይናገርም። ዕድሜው የተጻፈው በሌላ ስፍራ ነው። ይህን ጽሕፈት ማንበብ እያወቀ ሳያነብ የሚገዛ ሰው፥ ይልቁንም ሳያነብ የሚፈርም ሹም፥ የሌላውን ሰው ነፍስ ባልመረመረው ነገር ላይ ያሳፍራል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ አደጋ በእንግሊዝ አገር ደርሷል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ሴፕቴምበር 10 ቀን 2012፥ ይኸውም በኢትዮጵያ ጳጕሜን 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ ከዋይት ደሴት የሙዚቃ በዓል ወጣቶችን ጭኖ ወደ ሊቨርፑል አቅጣጫ ይመለስ የነበረ አውቶቡስ፥ ሰሪ በሚባለው አውራጃ ሂንድሄድ ከተባለው ስፍራ አጠገብ ሌሊት የፊት ጎማው ፈነዳና ከመንገድ ወጥቶ ከዛፍ ጋራ ተጋጨ። ነጂውና ሁለት ወጣቶች ሞቱ፤ ሌሎችም ብዙዎች ቈሰሉ። ነገሩ በተመረመረ ጊዜ የፈነዳው ጎማ ከተሠራ 19 ዓመት ከመንፈቅ ያህል የቈየ ሆኖ ተገኘ። ከሞቱት ወጣቶች አንዱ የ18 ዓመት ልጅ ስለ ነበረ፥ ጎማው በዕድሜ የዚያ ልጅ ታላቅ ነበረ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ እንዲህ ያለ ያረጀ ጎማ በአውቶቡስ ፊት እንዳይታሰር የሚከለክል ሕግ በዚያን ጊዜ በዚያ አገር አለመኖሩ ነው። ሕጉ የሚመለከተው የጥርሱን ጥልቀት ነበረ፤ ዕድሜውን አይጠይቅም ነበረ። የሟቹ ልጅ እናት ግን ሐዘናቸውን በልባቸው ይዘው ዝም አላሉም፤ ብዙ ዓመት ከባለሥልጣኖች ዘንድ ሲመላለሱና ሲከራከሩ ኖረው፥ በመጨረሻ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ይኸውም ከጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ዕድሜው 10 ዓመት የሞላው ጎማ በአውቶቡስና በጭነት መኪና የፊት እግር ላይ እንዳይታሰር የሚከለክል ደንብ ጸና። አንዲት እናት ልጃቸውን ካጡ በኋላ ያስጻፉትን ቁም ነገር፥ ሌላው ሰው ልጁን ሳያጣ ሊማርበት ይገባል።

ጎማ ሳይሠራ የሚያረጅበት ምክንያት ከተፈጥሮው የመጣ ነው። የጎማ ዛፍ ደም በራሱ ሙቀት ሲያገኘው የሚቀልጥ፥ ብርድ ሲያገኘው የሚሰበር ነገር ነበረ። በ1839 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ይህን ደም ከድኝ ጋራ በእሳት ቢያበስለው የሚለጠጥና የሚጸና ሆኖ አገኘው። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ የከብት ሐኪም፥ ለትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት በነፋስ የተሞላ ጎማ ሠርቶ የሥራውን መብት በመንግሥት አስመዘገበ። የከብትን ሰኰና ሲያክም የኖረ ሰው ለብረት እግር ማረፊያ ማሰቡ የተገባ ነበር። በ1895 አንድሬና ኤድዋር ሚሽለን የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በነፋስ ጎማ የሚሄድ አውቶሞቢል ከፓሪስ ወደ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው እሽቅድምድም አስገቡ፤ የእነርሱም ፋብሪካ በ1946 ዛሬ በአብዛኛው መኪና ላይ የሚታየውን፥ ክሩ ከጐን ወደ ጐን ቀጥ ብሎ የተዘረጋና ከጥርሱ በታች የብረት ሽቦ መታጠቂያ ያለውን ጎማ አወጣ።

እንግዲህ ጎማ አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ የላስቲክ፥ የክርና የሽቦ ድርብርብ ነው፤ ይህን ሁሉ አንድ አድርጎ የያዘው የላስቲኩ ሙጫነት ነው። ነፋስ ቀስ በቀስ በላስቲኩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ፀሐይም ከውጭ ያደርቀዋል፤ ሙቀትም ሁለቱን ያፋጥናቸዋል። ከጊዜ በኋላ ሽቦውን ከላስቲኩ ጋራ የያዘው ማያያዣ ይደርቅና ይላቀቃል፤ በፍጥነትና በሙቀት ጊዜም ድርቡ ተላጦ ጎማው በአንድ ጊዜ ይበተናል። ፋብሪካዎች ይህን ለማዘግየት ሰም መሰል መድኀኒት ከላስቲኩ ጋራ ይቀላቅላሉ፤ መድኀኒቱ ግን ወደ ላይ ወጥቶ ጎማውን የሚቀባው ጎማው ሲሠራና ሲለመጥ ነው። ስለዚህ ቆሞ የሚውል መኪና ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ሰውነቱ ያረጃል። በእንግሊዝ አገር አውቶቡስ የሆነውም ይህንኑ የመሰለ ነው።

ታዲያ ጎማ የሚገዛ ሰው ምን ይመልከት ቢባል፥ መልሱ የጎማውን ጐን ያንብብ የሚል ነው። የጎማ ጐን ሙሉ መጽሐፍ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ለገዢው የሚያስፈልጉት ቃላት ጥቂት ናቸው።

መጀመሪያ የሚነበበው ልኩ ነው። ለምሳሌ በብዙ የቤት መኪና ላይ 195/65 ከዚያም አር 15 የሚል ይገኛል። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጐኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደ ሆነ ያስረዳል፤ አር የተባለው ፊደል ክሩ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ መሆኑን ይነግራል፤ 15 ደግሞ ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። ለመኪናው የተፈቀደው ልክ በነጂው በር ክፈፍ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። አሁን በመኪናው ላይ ያለው ጎማ በቀድሞው ባለቤት ያለ ልኩ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ከእርሱ ብቻ መቅዳት አይበቃም። ትልቅ ጎማ መኪናውን ያስከብራል ብለው ከልኩ የሚያልፉ አሉ፤ ነገር ግን ከላይ በተጻፈው ልክ ፋንታ 205/70 አር 15 የታሰረ እንደ ሆነ፥ የጎማው ዙሪያ በመቶ 5 ያህል ስለሚያድግ፥ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው 105 ይሄዳል፤ በመታጠፊያም ጊዜ ጎማው ከመኪናው አካል ጋራ ይፋተግ ይሆናል።

ሁለተኛ የሚነበበው የጭነትና የፍጥነት ምልክት ነው። ከልኩ ቀጥሎ 91 ኤች የሚል ቢገኝ፥ 91 ማለት 91 ኪሎ ማለት አይደለም፤ ነፋሱ በሚገባ ሲሞላ አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ግራም ሊሸከም ይችላል ማለት ነው። ኤች የተባለው ፊደል በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር፥ ቲ የተባለው እስከ 190፥ ኤስ የተባለው እስከ 180 መቻሉን ያመለክታል። «በዚህ አገር መንገድ በ180 የሚነዳ ማን ነው?» የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ፊደሉ የሚናገረው ስለ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ሙቀትን ስለ መቻልም ስለ ሆነ፥ በፋብሪካ ከታዘዘው በታች መግዛት አይገባም። የጭነቱም ቍጥር እንደዚሁ ነው፤ ይልቁንም ሰውና ዕቃ አብረው ለሚጭኑ ፒካፖች ከታዘዘው ያነሰ ቍጥር ያለው ጎማ ማሰር፥ ለአህያ የግመል ጭነት እንደ መጫን ይቈጠራል።

ሦስተኛ የሚነበበው፥ ብዙ ሰው የማያነበው፥ የልደቱ ቀን ነው። በጎማው ጐን ዲ፥ ኦ፥ ቲ የተባሉ ሦስት የላቲን ፊደሎች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ቀጥሎ ከሚመጣው ረጅም ጽሕፈት መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበት ሳምንት፥ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ነው። ለምሳሌ 2316 የሚል ቢገኝ በ2016 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱ አኃዝ በአንዱ ጐን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል፥ በፊት ለፊት ካልታየ ጎማውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። በአራት አኃዝ ፋንታ ሦስት ብቻ የተጻፈበት ጎማ ደግሞ ከ2000 ዓመት በፊት የተሠራ ነውና፥ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ለመንገድ አይሆንም።

በዚህ ስፍራ በኢትዮጵያ ለሚኖር ገዢ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። ይህ የዘመን ቍጥር እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው። 2316 የሚለውን አይቶ «16 ማለት 2016 ዓመተ ምሕረት ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው፥ ጎማው በሰኔ መባቻ 2016 የተሠራ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ሰኔ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በዋለበት ሳምንት የተሠራ ነው። ስለዚህ በአንድ ቍጥር አነባበብ ስሕተት ብቻ የጎማው ዕድሜ ስምንት ዓመት ያህል ይቀንሳል። ባሕረ ሐሳብን ለሚያውቅ ሊቅ ይህን ዘመን ከዚያ ዘመን ማስታረቅ የልጅ ጨዋታ ነው፤ የሚያሳዝነው እንዲህ ያለው ዕውቀት በአጠገቡ እያለ ማንም ሳይጠይቀው ጎማው መታሰሩ ነው።

ስንት ዓመት ይበቃል ለሚለው ጥያቄ፥ ብዙ መኪና የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጎማ ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ብዙ ጎማ የሚሠሩትም ከ10 ዓመት በላይ ከቶ እንዳይሠራበት ይናገራሉ። ከዚህም በታች ቢሆን በጐኑ ላይ የተሰነጣጠቀ፥ ያበጠ፥ ወይም ሽቦው የታየ ጎማ ዓመቱ ሳይቈጠር መጣል አለበት። ጥቁር ቅባት ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ጎማ ደግሞ ስንጥቁን ይሸፍናልና፥ በጨርቅ ጠርጎ ማየት መልካም ነው።

የጥርሱ ነገር ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። የአዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ በአውሮጳ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች መንዳት የተከለከለ ነው። ለዚህም ምልክት እንዲሆን በሸንተረሩ ውስጥ ትንንሽ ጕብታዎች ተሠርተዋል፤ ጥርሱ ከእነርሱ ጋራ የተስተካከለ እንደ ሆነ ዘመኑ አልፏል። በክረምት ዝናብ ውሃውን ከጎማው ሥር የሚያወጣው ይህ ሸንተረር ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ጎማው በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ ፍሬንም መሪም አይታዘዙም። አንዱ ጎማ መሬት የሚይዘው የሰው መዳፍ በምታህል ስፍራ ብቻ መሆኑን ያሰበ ሰው፥ የመኪናው ክብደትና የተሳፋሪው ሕይወት ሁሉ በአራት መዳፍ ላይ እንደሚያርፍ ያስተውላል።

ከዚህ ቀጥሎ ጎማው ለሚሄድበት መንገድ የተሠራ መሆኑን መመርመር ያስፈልጋል። ሥራው በከተማ አስፋልት ላይ የሆነ መኪና ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የአስፋልት ጎማ ይበቃዋል። ጠጠርና ኰረኰንች ባለበት መንገድ ወደ ወረዳና ወደ ቀበሌ የሚመላለስ መኪና ጐኑ የጠነከረ፥ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ ጎማ ይፈልጋል። ጥርሱ እጅግ ትልልቅ የሆነው የጭቃ ጎማ ግን በጭቃ እንጂ በእርጥብ አስፋልት አይመካም፤ ይጮኻል፥ ፈጥኖ ያልቃል፥ ሲያቆሙትም ይርቃል። ከብርድ አገር የሚመጣ አሮጌ ጎማ ደግሞ በጐኑ ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ምልክት ይኖረው ይሆናል። ተራራውን አይቶ ለደጋ መንገድ የተሠራ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። ምልክቱ ጎማው ለበረዶ የተሠራ መሆኑን የሚያስረዳ ነው፤ ላስቲኩም በብርድ እንዳይደርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ፥ በአፋርና በጋምቤላ ሙቀት ፈጥኖ ይበላል።

ጎማ በሚታሰርበትም ጊዜ ሥርዓት አለው። በአንድ እግር መስመር ላይ ግራና ቀኙ አንድ ዐይነትና አንድ ልክ መሆን አለበት። ሁለት ጎማ ብቻ ለመግዛት የተቸገረ ሰው አዲሶቹን ከፊት ማሰር የሚሻል ይመስለዋል፤ ዐዋቂዎች ግን ከኋላ ይታሰሩ ይላሉ። የፊቱ ቢያዳልጥ ነጂው በመሪው ይሰማዋል፥ ፍጥነቱንም ቀንሶ ያርመዋል፤ የኋላው ቢያዳልጥ ግን መኪናው ዞሮ ነጂው ምንም ለማድረግ ጊዜ አያገኝም። ጥንድ ሆነው በሚታሰሩት የጭነት መኪና የኋላ ጎማዎች ደግሞ አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ቢሆን፥ ትልቁ የትንሹን ሸክም ጭምር ተሸክሞ ይቃጠላል።

ከሁሉ በኋላ የሚመጣው ነፋስ ነው። የተመረጠ ጎማ በነፋስ ጕድለት ይሞታል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ በዞረ ቍጥር ጐኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም ከላይ የተነገረውን የድርብ መላቀቅ ያመጣል። በአሜሪካ ፋየርስቶን የተባለው ፋብሪካ በኦገስት 2000 ዓመት 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማ ከሕዝብ እንዲመለስ አድርጓል፤ ጎማዎቹ በአብዛኛው ኤክስፕሎረር በተባለው የፎርድ መኪና ላይ የታሰሩ ነበሩ። ድርባቸው እየተላጠ መኪናዎች ተገልብጠው ከ200 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የዚያ አገር መንግሥት መዝግቧል። በይበልጥ የሞቱትም እንደ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ባሉት የሙቀት አገሮች ነበረ። ስለ ጥፋቱ ጎማ ሠሪውና መኪና ሠሪው እርስ በርሳቸው ተካሰዋል፤ ከክርክራቸውም አንዱ የተወሰነው የነፋስ ልክ ማነስ ነበረ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ አዲስ መኪናዎች ነፋስ ሲጐድል የሚያስጠነቅቅ መብራት እንዲኖራቸው በሕግ ታዘዘ።

በኢትዮጵያ መንገዶች ይህ ነገር ይበልጥ ይታሰብበታል። ከጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ያህል ወደ ሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ፥ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ የሚገባ መኪና፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት ይሸጋገራል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ ሲወረድ የውጭው አየር ክብደት ስለሚጨምር፥ የጎማው ሙቀት ሳይለወጥ ቢቀር፥ የጎሚስታው መለኪያ ሦስት ቍጥር ያህል ዝቅ ብሎ ያነብ ነበር፤ የቈላው ሙቀት ደግሞ ከዚሁ ጥቂቱን ወይም አብዛኛውን ይመልሰዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ልኩን የሞላ ሰው የሚፈራው ነገር የለም፤ አስቀድሞ የጐደለበት ግን ጕድለቱን ይዞ ወደ እሳት ይገባል። ልኩም የሚታወቀው ጎማው ሳይሞቅ በማለዳ ነው። ከረጅም መንገድ በኋላ ሞቆ ከፍ ያለውን ነፋስ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በነጋው ጎማው ሲቀዘቅዝ ጐድሎ ይገኛልና።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግዢ የሚያዝዙ ሹማምንት ከዚህ ሁሉ የሚያገኙት ትምህርት ግልጽ ነው። የጎማ ዋጋ የሚመዘነው በተከፈለው ብር ሳይሆን በሄደው ኪሎ ሜትር ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ ጎማ በ10,000 ብር ተገዝቶ 20,000 ኪሎ ሜትር ቢሠራ፥ ሌላው በ15,000 ብር ተገዝቶ 50,000 ኪሎ ሜትር ቢሠራ፥ የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 50 ሳንቲም፥ ሁለተኛው 30 ሳንቲም ያስከፍላል። በጨረታው ቀን ርካሽ የነበረው በዓመቱ መጨረሻ ውድ ሆኖ ይገኛል። ይህም አደጋው ሳይቈጠር ነው። ስለዚህ የግዢ ትእዛዝ ሲጻፍ «ጎማ፥ ቍጥሩ ይህን ያህል» ብሎ መተው አይበቃም፤ ልኩ፥ የጭነቱ ቍጥር፥ የፍጥነቱ ፊደል፥ የመንገዱ ዐይነት፥ ደግሞም በርክክቡ ቀን ከተሠራ ከስንት ወር እንዳይበልጥ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። ዕቃው በሚገባበት ቀንም የተረካቢው ኮሚቴ እያንዳንዱን ጎማ አገላብጦ አራቱን አኃዝ ሊመዘግብ ያስፈልጋል።

የግምጃ ቤት ሹምም ከዚህ ሥራ ድርሻ አለው። አዲስ ማለት ያልተነዳበት ማለት ብቻ አይደለም፤ በግምጃ ቤት አምስት ዓመት የተቀመጠ ጎማ ሳይነዳ አምስት ዓመት ኖሯል። አስቀድሞ የተሠራው አስቀድሞ እንዲወጣ፥ ጎማው ከፀሐይ፥ ከዘይትና ከነዳጅ ርቆ በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ እንዲቀመጥ ማድረግ የእርሱ ተግባር ነው። አዲሱን መጤ ከፊት እያወጡ አሮጌውን ከኋላ ማስረጀት፥ እህልን በጐተራ ውስጥ አስቀምጦ ለነቀዝ እንደ መስጠት ነው።

አድባራትና ገዳማትም ከዚህ ነገር ውጪ አይደሉም። የብዙ ደብር መኪና ሳምንቱን ቆሞ ሰንብቶ፥ በበዓል ወይም በጉባኤ ቀን ብቻ ይወጣል። እንዲህ ያለው መኪና ብዙ ስለማይነዳ ጥርሱ ዓመት ሙሉ አዲስ ይመስላል፤ የደብሩም አስተዳዳሪ «ገና ነው፥ ለምን ገንዘብ እናባክናለን?» ይላሉ። ነገር ግን ሳይሠራ የሚያረጀው ጎማ ከሁሉ ይልቅ እንዲህ ያለው ነው። በኋላ የሚታሰረው ተጠባባቂ ጎማ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ማንም አያየውም፤ በጭንቅ ሰዓት ብቻ ይታወሳል። ወደ ግሸን፥ ወደ ላሊበላ፥ ወደ ቍልቢ የሚሄደውን ምእመን የሚያሳፍር አውቶቡስ በሚከራዩበትም ጊዜ፥ በስምምነቱ ወረቀት ላይ ከመፈረም አስቀድሞ ወደ ፊት ጎማው ጐንበስ ብሎ አራቱን አኃዝ ማንበብ ጥቂት ደቂቃ እንጂ ሌላ ዋጋ አይጠይቅም። ከአደጋ በኋላ የሚደረገው ለቅሶ ግን ብዙ ዋጋ ይጠይቃል፤ የሞተውንም አይመልስም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

የበቅሎ ገዢው አባት ጥበብ እንግዲህ አልጠፋም፤ ስፍራውን ብቻ ለወጠ። እርሱ የሻጩን ቃል ሳያምን አፍ ከፍቶ ይመለከት ነበር፤ የዛሬው ገዢም የሻጩን ቃል ሳያምን ጎማውን ገልብጦ ያንብብ። በቅሎዋ ዕድሜዋን በጥርሷ ትጽፈው ነበር፤ ጎማ ግን በጐኑ አስጽፎታል። ፊደል የቈጠረ ሹምና ሊቅ ባለበት አገር ጽሕፈቱ ተነባቢ አጥቶ በሰው ሞት እንዳይነበብ መጠንቀቅ ለሁሉ የተገባ ነው።